የዘገዩት ሼሁ ናቸው ወይስ ማሽኑ?

በ2006 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከቡታጅራ ፖስታ ቤት ወደ ቤቴ ስመለስ ሼህ ሰይዶን ከጋሪ መቆሚያው አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሼህ ሰይዶ የመስቃን ሰው ናቸው፤ በርበሬና በቆሎ ያርሳሉ። በአገሩ የሚታወቁት ግን በእርሻቸው ሳይሆን በመንዙማቸው ነው። በመውሊድ ቀን እርሳቸው ስንኙን ሲያወጡና ሕዝቡ ሲቀበላቸው፣ እኔ ክርስቲያኑ፣ ለአስተማሪነት ከጎንደር የመጣሁት ሰው እንኳ፣ አጥር ተደግፌ እስኪያበቁ ድረስ እሰማቸዋለሁ። ለዘፈንም ለዝማሬም ቶሎ የማልረታ ሰው ነኝ፤ ጫጫታ ደግሞ ጨርሶ አልወድም። እኒህን ሰው ግን ሰምቼ አልጠግባቸውም።

ሼሁ ሁልጊዜ ሲያገኙኝ «መምህር አምሀ፣ ዛሬስ ማንን ስታርም ዋልክ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። የሰው ስሕተት ሳይ ዝም ማለት ስለማልችል ነው። የዚያን ዕለት ግን ቀልዱ ቀርቶ ሰላምታዬንም በግማሽ ልብ መለሱልኝ።

«ምነው ሼህ፣ አመመዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ። ድምፄ ግን ከዳኝ።»

«ይህን ደግሞ ማን አለዎት?»

«ባለ ካሴት ቤቱ ሸረፋ ነዋ! መንዙማውን ሊቀዳኝ ሞክሮ ዛሬም አልሆነለትም። ‹ሼህ፣ እየዘገዩ ነው፤ ከድቤው ወደ ኋላ ይቀራሉ› አለኝ። ሐቁን ነው። ያን ነገር ጆሮዬ ላይ ሲያደርግልኝ ምላሴ ይተሳሰራል። የራሴን ግጥም እንደ ሕፃን እንተባተባለሁ። ዕድሜ ነው መምህር፣ ሌላ ምን ይሆናል? የሚመጣውን መውሊድ ደረሳዬ ከድሮ ያውጣ። እኔ ከተቀባዮቹ ጋር እቀመጣለሁ።»

ከድሮ የሚባለው ልጅ መንዙማ የሚያስተምሩት ደረሳቸው ነው፤ ትጉህ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሼህ ሰይዶ ከተቀባይ ጋር ተቀምጠው የሚከበር መውሊድ በዓይኔ ሊታየኝ አልቻለም። አንድ ሰው በሚችለው ነገር አልችልም ብሎ ሲያምን ከማየት የከፋ ነገር የለም። ደሜ ፈላ።

በዚህ መሐል ከወልቂጤ የመጣ ሚኒባስ ቆመና ሙሀይሚን ወረደ። ሙሀይሚን የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ያን ጊዜ ጉብሬ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ስለ ኮምፒውተር ይማር ነበር፤ ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ወደ ቤተሰቦቹ መምጣቱ ነው። ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ የሼሁን እጅ ሳመና ለእኔም ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። ፊታችንን ሲያይ ምን እንደ ሆንን ጠየቀ፤ እኔም የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

«ሼህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ ሙሀይሚን። «ጆሮዎ ላይ ምንም ሳይደረግ ሲያወጡስ ምላስዎ ይተሳሰራል?»

ሼሁ ጥቂት አሰቡ። «በቀደም ለዱዓ ተሰብስበን አውጥቻለሁ። ያኔስ ምንም አልሆንኩ።»

«እንግዲያው ድምፅዎ አልከዳዎትም።»

«ተው ልጄ፣ አታጽናናኝ» አሉና ጋሪው ላይ ወጡ። ጋሪው ሲርቅ ሙሀይሚን ወደ እኔ ዞሮ፣ «መምህር፣ ካላስቸገርኩዎት ወደ ጋሽ ሸረፋ ቤት አብረን እንሂድ። እኔ ብቻዬን ብነግራቸው በልጅነቴ ይንቁኛል» አለኝ። እኔም እንዲህ ያለ ግብዣ ገፍቼ አላውቅምና ሄድኩ።

ጋሽ ሸረፋ መልካም ሰው ናቸው። በደርግ ማብቂያ ካሴት በመሸጥ ጀምረው፣ ኋላ በሱቃቸው ጓዳ አነስተኛ የድምፅ መቅጃ ክፍል ከፈቱ። የጓዳውን ግድግዳ በስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን አልብሰውታል። ከፊት ባለው ባንኮኒ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰፍያ ለደንበኞች ስልክና ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መንዙማ ይጭናሉ። በሥራ ላይ ያለው ኮምፒውተር ግን አንድ ነው። በጓዳውና በሱቁ መካከል ተቀምጦ በአንድ በኩል የማይክሮፎኑ ገመድ፣ በሌላ በኩል የደንበኛው ሚሞሪ ይሰካበታል። ጋሽ ሸረፋ ከሁሉ በላይ የሚኮሩት «ደንበኛ ከደጄ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም» በማለት ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ሸረፋ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም! ሙሀይሚን፣ መጣህ እንዴ? መምህርም! ግቡ፣ ግቡ። ሰፍያ፣ ለስላሳ አምጪላቸው።»

ለስላሳው መጣ። እኔ ወሬ ማሽሞንሞን አልችልበትምና ገና ሳልቀምሰው፣ «ጋሽ ሸረፋ፣ ሼህ ሰይዶን ምን አድርገዋቸው ነው ልባቸው ተሰብሮ ያገኘኋቸው?» አልኩ።

የሰውየው ፊት ጠቆረ። «እኔም ከፍቶኛል መምህር። ወላሂ፣ እንደ አባቴ ነው የማያቸው። ግን ምን ላድርግ? መጀመሪያ ስቀዳቸው ድምፁ መሐል መሐል ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ይቆራረጥ ነበር። እንደሚያውቁት መንዙማ አንዴ ከተጀመረ አይቋረጥም። ‹ሼህ፣ ያቺን ቦታ ይድገሙልኝ› አይባልም። እርሳቸውም እንዲህ ያለውን ነገር አይወዱም፤ አንድ ጊዜ ቀጭ ካለ ያ ሁሉ ከንቱ ነው። ከአዲስ አበባ ባለሙያ አስመጥቼ አስተካከለልኝ። መቆራረጡ ቀነሰ። ሼሁ ግን ከዚያ ወዲህ መዘግየት ጀመሩ። ማሽኑ ሲድን ሰውየው ደከሙ። ዕድሜ ነው እንጂ ምን ይባላል?»

«ጋሽ ሸረፋ፣ ባለሙያው መጥቶ ካስተካከለ በኋላ ነው የዘገዩት?» አለ ሙሀይሚን።

«አዎ።»

«ያው ባለሙያው ነዋ ያዘገያቸው።»

ጋሽ ሸረፋ ሳቁ። «ባለሙያው የነካው ማሽኑን ነው፤ የሼሁን ጉሮሮ አልነካ።»

«ስለዚህ ነገር የበርበሬ ወፍጮ ቤት ምሳሌ ልንገርዎት።»

«ለቡታጅራ ሰው ስለ በርበሬ ልትነግር? በል እስቲ።»

«በርበሬው ከወፍጮው አፍ ሲወርድ ያለማቋረጥ ነው አይደል? ከሥር ዕቃ የሚያቀያይር ሰው አለ። የሼሁ ድምፅም እንዲሁ ነው፤ በማይክሮፎኑ ሲገባ ቆም ብሎ አይጠብቅም። ኮምፒውተሩ በትንንሽ ዕቃ እየተቀበለ፣ ሲሞላ አንሥቶ ባዶ ያስቀምጣል። ይህን የሚያዘው ደግሞ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሉት ነው፤ የማሽኑ ካቦ ማለት ነው። ካቦው ሌላ ሥራ ጠርቶት ሄዶ ከቆየ ዕቃው ሞልቶ ይፈሳል። ያ የፈሰሰው ነው ቀጭ የሚለው።»

«እሺ፣ እዚህ ድረስ ገባኝ።»

«ባለሙያው ምን አደረገ? ካቦውን አልመከረውም። ትንሹን ዕቃ አንሥቶ በምትኩ ጆንያ አስቀመጠ። ጆንያ ቶሎ አይሞላም፤ ካቦው ቢያመሽም ብዙ አይፈስም። ግን ጆንያው እስኪሞላ ዱቄቱ አይነሣም። የሼሁ ድምፅም ጆንያው ውስጥ ቆይቶ ነው ተመልሶ ጆሯቸው የሚደርሰው።»

እኔ በዚህ ጊዜ ነገሩ በርቶልኝ ነበር። ጋሽ ሸረፋ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። «ብትቆይ ስንት ትቆያለች? ከቅጽበት አታልፍም። እኒያ ስንት ሌሊት ቆመው ያወጡ ሰው ለዚህች ይሸነፋሉ?» አሉ።

ሙሀይሚን አልተከራከረም። ሼሁ ጆሯቸው ላይ ያደርጉት የነበረውን ማዳመጫ አንሥቶ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። «እርስዎ ደንበኛ ሲመጣ ስለ ሱቅዎ የሚሉትን ይበሉልኝ። ከእርስዎ የሚፈጥን አንደበት በቡታጅራ የለም።»

ጋሽ ሸረፋ ደስ ብሏቸው ማዳመጫውን አደረጉና ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ። «ሸረፋ ካሴት ቤት የመንዙማ፣ የዘፈን፣ የሠርግ...» ብለው ገና ሲጀምሩ ቃላቸው ተጎተተ። «የሠ... ሠርግ... ቀረ... ቀረጻ...» ዓይናቸው ፈጠጠ። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ጀመሩ፤ አሁንም እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል እየቆጠሩ ተንተባተቡ። ወይዘሮ ሰፍያ ባንኮኒውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ጨዋነቴን ረስቼ ሳቅሁ።

ጋሽ ሸረፋ ማዳመጫውን አወለቁ። ግንባራቸው አልቦ ነበር። ላቡን በእጃቸው ጠረጉና፣ «ሼሁ ይህንን ነው ሲሰሙ የነበሩት?» አሉ።

«ይህንኑ ነው። ድምፃቸው ዘግይቶ ሲመጣ እርሳቸው ይጠብቁታል። እርሳቸው ሲጠብቁ ድቤው ይቀድማቸዋል።»

«እና እኔ...» አሉ ጋሽ ሸረፋ፤ አልጨረሱትም። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ። ሰው ራሱን ሲወቅስ ማረም አያስፈልገውምና እኔም አንዴ እንኳ ምላሴን ያዝኩ።

ሰውየው ግን ቶሎ ተመለሱ። «እንግዲያው ትልቅ ኮምፒውተር እገዛለሁ። ይህ አቅም የለውም።»

«አቅምስ አለው» አለ ሙሀይሚን። «ያጣው ፋታ ነው። እስቲ ይዩት፤ ሼሁን እየቀዱ ሳሉ ወይዘሮ ሰፍያ በዚሁ ማሽን ለደንበኛ ይጭናሉ፣ ኢንተርኔቱ ተሰክቷል፣ የቫይረስ ማጥፊያው የገባውን ሚሞሪ ሁሉ ይፈትሻል፣ የአዛን ፕሮግራሙ ከነሥዕሉ ይንቀሳቀሳል። ካቦው ለሁሉም እኩል ይሮጣል። አድልዎ አያውቅም። ጥፋቱም ይኸው ነው፤ ለቀረጻ ጊዜ ማድላት አለበት።»

«ማሽን የገዛሁት ሊሠራልኝ ነው፤ አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ተጎልቶ ሊውል ነው?»

«ለቀረጻው ሰዓት ብቻ ነው ጋሽ ሸረፋ።»

«በዚያ ሰዓት የሚመጣውን ደንበኛስ? ልመልሰው?»

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ሰፍያ ከባንኮኒው ሆነው ገቡበት። «አሮጌው ኮምፒውተር አለ አይደል እንዴ? ከጆንያ ሥር አፈር ለብሷል። ዘፈን ለመጫን ምን ያንሰዋል? ስንት ጊዜ ነግሬህ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሃል።»

ጋሽ ሸረፋ ባለቤታቸውን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ነገሩን ወደ ሌላ አዞሩት። «ቫይረስ ማጥፊያውን ላጥፋ? ዘቤን ላባርር? የሰው ሚሞሪ ምን ምን ይዞ እንደሚመጣ አታውቅም።»

«ዘቡ የሚያስፈልገው እንግዳ ስለሚገባ ነው። ኢንተርኔቱን ከነቀልንና የደንበኛ ሚሞሪ በዚህኛው ማሽን ካልገባ ማንን ይፈትሻል? ቀረጻው ሲያልቅ መልሰው ያቆሙታል። እስከዚያ ግን የሼሁን ኪስ በየደቂቃው አይበርብር።»

«ኤሌክትሪክ እንዲቆጥብ ያደረግሁትስ? ይህንንም ልታስተወኝ ነው? ቁጠባ ነው እኮ!»

ይህ ክርክር እኔንም አሳሰበኝ፤ በክፍል ውስጥ ስለ ቁጠባ የምሰብክ ሰው ነኝና። ሙሀይሚን ግን መልስ ነበረው። «ቁጠባ ጥሩ ነው። ነገር ግን ማሽኑ ለመቆጠብ ሲል ትንሽ ፋታ ባገኘ ቁጥር ያንቀላፋል። ድምፅ ሲመጣ እስኪነቃ ዕቃው ይሞላል። በዚያ ሰዓት የሚቆጥቡት ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ አይባልም፤ የሚያጡት ግን አንድ ሙሉ መንዙማ ነው። ለቀረጻ ሙሉ ጉልበቱን ይስጥ፣ ሲጨርስ ይቆጥብ።»

ከሁሉ የከረረው ክርክር ስለ አዛኑ ፕሮግራም ነበር። ጋሽ ሸረፋ የሶላት ሰዓት ሲደርስ አዛን የሚያሰማ፣ በመሐሉም የመካን ሥዕል የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ማሽኑ ላይ ጭነዋል። ሌሊትም ቀንም ክፍት ነው።

«መምህር፣ ሰሙት?» አሉኝ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የሙስሊም ልጅ ሆኖ አዛን ዝጋ ይለኛል!»

«አስተግፊሩላህ! አዛን ይዘጋ አላልኩም» አለ ሙሀይሚን፣ ደንግጦ። «መስጊዱ ቅርብ ነው፤ ሙአዚኑን ሁላችንም እንሰማዋለን። እኔ የምለው ይህ ፕሮግራም በየሰከንዱ ሥዕል ስለሚያድስ ዋናው አስቸጋሪ እርሱ ይመስለኛል ነው።»

«ይመስለኛል? በይመስለኛል አዛን አልዘጋም!»

እውነት ለመናገር እዚህ ላይ ጋሽ ሸረፋ ልክ ነበሩ፤ እኔም ተናገርኩ። «ሙሀይሚን፣ ማስረጃ አምጣ» አልኩት፣ ልክ እንደ ድሮው።

ልጁ ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ከፈተ። ካቦው በየቅጽበቱ ምን ያህል እንደ ዘገየ በመስመር የሚያሳይ ነው፤ በጊዜው ከደረሰ አረንጓዴ፣ ካመሸ ቀይ ይሆናል። መስኮቱ እንደ ተከፈተ ቀዩ መስመር እስከ ላይ ተደረደረ። ጋሽ ሸረፋ ወንበር ስበው ተጠጉ።

ወይዘሮ ሰፍያ የሚጭኑትን አቆሙ፤ መስመሮቹ ትንሽ ዝቅ አሉ። ቁጠባው ተነሣ፤ ደግሞ ዝቅ አሉ። ቫይረስ ማጥፊያው ዐረፈ፤ ለውጡ ያን ያህል አልነበረም። ቀዩ ግን አሁንም ቶሎ ቶሎ ብቅ ይላል። ጋሽ ሸረፋ «እሺ፣ አዛኑንም ለሙከራ ዝጋው» አሉ። ሙሀይሚን ዘጋው። ቀዩ ንቅንቅ አላለም።

ሙሀይሚን ፊቱ ቀላ። «ተሳስቻለሁ፣ ጋሽ ሸረፋ። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። አውፍ ይበሉኝ» ብሎ ፕሮግራሙን መልሶ ከፈተው።

«አላልኩህም?» አሉ ጋሽ ሸረፋ፣ ጭናቸውን መትተው። ነገር ግን ያን ጊዜ በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። አስተዋልኩ፤ ልጁ መሳሳቱን በግልጽ ከተናገረ በኋላ ሰውየው ከተከራካሪነት ወደ አጋርነት ተሻገሩ። ሊቅ ነኝ ባይን ማንም አያምንም። «እና ማነው?» አሉ ራሳቸው። «የቀረ ምን አለ?»

«የኢንተርኔቱ መሰኪያ ብቻ ነው የቀረው።»

ጋሽ ሸረፋ እጃቸውን ሰደው ያችን መሰኪያ ራሳቸው ነቀሏት።

ቀዩ ጠፋ። አረንጓዴው መስመር ዝቅ ብሎ፣ ረግቶ ሄደ። ጠበቅን። አሁንም አረንጓዴ ነው።

«ያ ረበና!» አሉ ጋሽ ሸረፋ። «ይቺ አውራ ጣት የምታህል ነገር ናት ሼሁን ያዋረደችብኝ?»

«መረብ ፍለጋ ካቦውን ደጋግማ እጁን ትይዘው ነበር። ቶሎም አትለቀውም።»

ከዚያ ሙሀይሚን ጆንያውን አንሥቶ ትንሹን ዕቃ መለሰ፤ ማለትም ባለሙያው ያበዛውን የማቆያ ልክ አሳነሰው። ለካቦውም ድምፅ ከሁሉ በፊት እንዲስተናገድ ትእዛዝ ሰጠው። ጋሽ ሸረፋ ሳይጠየቁ ማዳመጫውን አደረጉ። «ሸረፋ ካሴት ቤት የመንዙማ፣ የዘፈን፣ የሠርግ፣ የምረቃ ቀረጻ በጥራት ያከናውናል!» ብለው እንደ ጅረት አወረዱት፤ ማቆምም አቃታቸው። ድምፁ ተመልሶ ሲደመጥ አንዲት ቀጭ የለችበትም።

በማግሥቱ ጋሽ ሸረፋ፣ ሙሀይሚንና እኔ በጋሪ ወደ መስቃን ወጣን። ሼህ ሰይዶ ማሳቸው ዳር ነበሩ። ጋሽ ሸረፋ ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳይጨርሱ ጎንበስ ብለው የሼሁን ጉልበት ሊይዙ ሲሉ ሼሁ ከለከሏቸው።

«ሼህ፣ አውፍ ይበሉኝ። የዘገየው ማሽኔ ነው። እርስዎ አልዘገዩም። እኔም ያን ነገር ጆሮዬ ላይ አድርጌ የገዛ ሱቄን ስም መጥራት አቃተኝ።»

«ሸረፋ፣ እኔን ለማስደሰት ነው?»

«ወላሂ አይደለም! መምህርን ይጠይቋቸው፤ ሲስቁብኝ ነበር።»

ሼሁ ወደ እኔ አዩ። «እውነት ነው ሼህ። እንደዚያ ስቄ አላውቅም» አልኳቸው። ያን ጊዜ ዓይናቸው ላይ ያየሁትን ብርሃን መግለጽ አልችልም፤ ልቤ ነው የተነካው። ግን ወዲያው እሺ አላሉም። «አንድ ጊዜ እሞክራለሁ። ካልሆነ ግን ዳግም አትምጡብኝ፤ መውሊዱንም ከድሮ ያወጣል» አሉ።

በቀጠሯችን ቀን ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ተቀባዮቹና ድቤ መቺው በጓዳው ተሰበሰቡ። ሰዓቱን የመረጡት ጋሽ ሸረፋ ናቸው። «ከሰዓት በኋላ እስካለው የአስር ሶላት ድረስ ሰፊ ጊዜ አለን፤ መንዙማውና አዛኑ አይጋጩም» አሉ። የአዛን ፕሮግራሙን ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ያዛወሩትም እርሳቸው ናቸው፤ ማንም አላዘዛቸውም። አሮጌው ኮምፒውተር አፈሩ ተጠርጎለት ባንኮኒው ላይ ወይዘሮ ሰፍያን እያገለገለ ነበር።

ሼሁ ማዳመጫውን እሳት እንደሚነካ ሰው በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ቢስሚላህ» አሉ። ቆም ብለው እንደገና «ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም» አሉ። ቀና ብለው ሙሀይሚንን አዩት።

«አሁን አብሮኝ ነው» አሉ። «ድምፄ አብሮኝ ነው ያለው።»

ከዚያም አወጡ። ድቤው ገባ፣ ተቀባዩ ተቀበለ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። አጥር ተደግፌ ከምሰማው እጅግ የቀረበ ነበርና ሰውነቴን ወረረኝ። ሼሁ አልዘገዩም። ይልቅ ድቤ መቺውን እርሳቸው እየጎተቱ ወሰዱት።

በመሐል አንድ ፈተና መጣ። ሀቢቡ የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ፣ የቤቱ የረጅም ጊዜ ደንበኛ፣ መኪና አቁመው ሚሞሪ ይዘው ገቡ። አሮጌው ኮምፒውተር ሌላ ደንበኛ ይዟል፤ እርሳቸው ደግሞ ቸኩለዋል። ጋሽ ሸረፋ በለመደ እጃቸው ሚሞሪውን ተቀብለው ወደ መቅጃው ማሽን ዘረጉት። ሙሀይሚን ከወንበሩ ሳይነሣ በዓይኑ ብቻ አያቸው፤ መናገር አይችልም፣ ማይክሮፎኑ ክፍት ነው። የጋሽ ሸረፋ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሚሞሪውን ሸሚዝ ኪሳቸው ከተቱት፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አቶ ሀቢቡን በክንዳቸው ያዙና ከጓዳው በር አጠገብ አቆሟቸው። ቸኩለው የነበሩት ሰውዬም ትንሽ እንደ ሰሙ ኮፍያቸውን አስተካክለው ግድግዳውን ተደገፉ። ወዴትም አልሄዱም።

መንዙማው ሲያበቃ ሙሀይሚን ቅጂውን ከመጀመሪያው ከፈተው። ሁላችንም አንገታችንን ወደ ድምፅ ማጉያው ዘርግተን ያችን ክፉ ቀጭ ጠበቅናት። በመጀመሪያው የለችም፣ በመካከሉ የለችም፣ እስከ መጨረሻው አልመጣችም። የሼሁ ትንፋሽ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማል። ተቀባዮቹ ተቃቀፉ። ጋሽ ሸረፋ እንደ ወጣት ዘለሉ፤ ሙሀይሚንን አንገቱን አንቀው ግንባሩን ሳሙት።

«ስሙኝማ!» አሉ ወደ አቶ ሀቢቡና ወደ እኔ ዞረው፣ ዕውቀቱን ከእናታቸው ማሕፀን ይዘውት የወጡ ይመስል። «ሰው ማሽኑ ሲያስቸግረው ትልቅ ማሽን ልግዛ ይላል። ስሕተት ነው! መጀመሪያ ሸክሙን ያራግፍለት። የሚቀዳበት ሌላ፣ የሚሸጥበት ሌላ ይሁን። ሲቀዳ ኢንተርኔቱን ይንቀል፣ ቁጠባውን ያንሣ፣ ለድምፁ ቅድሚያ ይስጥ፤ ያን ጊዜ በትንሹ ዕቃ መቀበል ይችላል፤ ድምፁ አይቆራረጥም፣ አይዘገይምም። እኔ ደንበኛ አልመልስም እያልኩ ዋናውን እንግዳ መልሼ ነበር። ወልቂጤ ያሉት ባለ ስቱዲዮዎች ይህን አያውቁም፤ ሄጄ እነግራቸዋለሁ!»

ሄደውም ነገሯቸው፤ ይህን በኋላ ሰምቻለሁ። እኔም ከዚያ ቀን ያተረፍኩት አለ። ሁሉን እኩል አስተናግዳለሁ የሚል አገልጋይ፣ ማሽንም ይሁን ሰው፣ የማይጠብቀውን ጉዳይ ያስጠብቃል። አንዳንዱ ሥራ ቆይቶ ቢሠራ ምንም አይጎድልበትም፤ የሰው ድምፅ ግን በወጣበት ቅጽበት ካልተቀበሉት ፈሶ ይቀራል። ደግሞም የማሽን ጉድለት በሽማግሌ ላይ ሲላከክ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ያን የጉብሬ ተማሪ ባላገኘው ኖሮ ስንቶቻችን ዕድሜያቸውን እየወቀስን እናዝንላቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ስናወራ ሼህ ሰይዶ ማዳመጫውን ገና አላወለቁም ነበር። ጋሽ ሸረፋ ሊያወልቁላቸው ሲጠጉ እጃቸውን ያዟቸው።

«ለአስር ሶላት ጊዜ አለ አይደል?»

«አለ ሼህ። ግን ይረፉ እንጂ፤ ብዙ ቆሙ።»

ሼሁ ወገባቸውን ቀና አድርገው ማይክሮፎኑ ፊት ተስተካክለው ቆሙ።

«እኔስ አልደከመኝም» አሉ። «ማሽንህ ካልደከመው ክፈተው።»